ኩይሳው የበራ ጊዜ

ተረት ልንገራችሁ፤ ቀረብ በሉ። ጆሮው የረዘመ ሌላውን እንዳይከልል ከኋላ ይቀመጥ። የማወራው ስለ እንስሳት ነው፤ የጎረቤቱን መልክ የሚያይበት ካለ ጥፋቱ የተረቱ አይደለም።

በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ኩይሳ በር የምትባል የእንስሳት ከተማ ነበረች። መሐሏ ላይ ምስጦች ከአፈር የሠሩት ትልቅ ኩይሳ ቆሟል፤ ቀጭኔ አንገቷን ብትመዝ እንኳ ጫፉ ላይ አትደርስም። መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ የለም። ልጆች ጥላው ሥር ይጫወታሉ፤ ጀርባውን የበላው ሁሉ ይታከክበታል። ስለ ኩይሳው ከዚህ ያለፈ ያሰበ አልነበረም።

አንበሳ ከዚያ አገር ከጠፋ ቆይቷል። በዙፋኑ ፈንታ ከንቲባ ይመረጣል፣ ሸንጎ ይቀመጣል። ሕጉ ግን ከአንበሳው ዘመን የተረፈው አጭር ቃል ነበር፤ በከተማዋ ውስጥ ማንም በማንም ላይ ጥርሱን አያነሣም፤ የሞተው ግን የጅብ ነው።

ጅቡ አያ ጅቦ ይባላል። ከሚስቱ ከእመት ጅቢትና ገና ጡት ካልጣሉ ግልገሎቹ ጋር የሚኖረው ከኩይሳው ግርጌ በስተጀርባ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ የእመት ጅቢት ነው፤ ከእናቷ ወርሳዋለች፣ እናቷም ከእናቷ። በአካልም በቁጣም ከባሏ ትበልጣለች፤ ይህ የጅብ ወግ ስለሆነ አያ ጅቦ ቅር ብሎት አያውቅም።

ፀሐይ ስትጠልቅና ሌላው ሁሉ ሲተኛ አያ ጅቦ ይወጣል። የበሰበሰውን፣ የተጣለውን፣ የሞተውን እየለቀመ ሲያነጋ ያድራል። የከተማዋ ነዋሪዎች ጠዋት ሲነሡ መንገዱን ጽዱ፣ አየሩን ንጹሕ ሆኖ ያገኙታል፤ ይህን የሚያደርገው ንጋቱ ራሱ ይመስላቸው ነበር። ሐዘን ሲደርስባቸው ሬሳውን ከሜዳው ዳር አስቀምጠው ይመለሳሉ፤ በማግስቱ የለም። የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አያ ጅቦም ባይጠይቁት ይመርጣል፤ ዓይነ አፋር ነበር። የኋላ እግሮቹ አጫጭር ስለሆኑ ሲራመድ ሊቀመጥ ጀምሮ የተወው ይመስላል፤ ይህንን ራሱም ያውቃል። በጨለማ ግን አካሄድ የለም። በጨለማ ውስጥ አያ ጅቦ ከማንም አያንስም፣ እንዲያውም አንዳንዴ ለብቻው ሲሆን ደረቱን ነፋ አድርጎ ይሄዳል። ለሥራው የራሱ ሥርዓት ነበረው። የመጨረሻው ለቀስተኛ የኮቴ ድምፅ እስኪጠፋ ይጠብቃል። አጥንት ሲሰብር ቤት ካለበት አካባቢ ራቅ ይላል፤ የተኛ ልጅ ይሰማል ብሎ። ይህን ሥርዓት ያስተማረው የለም፤ ያየለትም የለም።

የከተማዋ ከንቲባ ክብርት ሰጎን ነበረች። የተመረጠችው ከሩቅ ስለምትታይ ነው። ክፉ አልነበረችም፤ ከተማዋን ከልቧ ትወዳለች። ብቻ አንድ ነገር ያንገበግባታል፤ ጎረቤት አገር ስትሄድ ስለ ኩይሳ በር የሚያውቅ ታጣለች። ምክትሏ አቶ ጦጣ ደግሞ ብዙ አገር የዞረ ነው። በየሄደበት ያየውን ነገር ሲመለስ ካልተደረገ ዕረፍት የለውም። አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ ያሉት እንስሳት ውኃ ዳር ቆመው መልካቸውን ሲያዩ አይቶ መጣና፣ ውኃ በሌለበት ሜዳ ላይ ነዋሪውን አስጎንብሶ አውሎታል።

ይኸው አቶ ጦጣ አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ ሲመለስ ዓይኑ እያበራ ነበር። እነዚያ ሰዎች፣ ይቅርታ፣ እነዚያ እንስሳት፣ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አላቸው። ጅራታቸው የሚያበራ አብሪ ትሎችን ሰብስበው ቋጥኙ ላይ ደረደሩና ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጨረቃ አበሩት። እንግዳው ከየአገሩ እየመጣ ያንን ሲያይ ያድራል። ወንዝ ማዶ ማለት አሁን ያ ቋጥኝ ነው።

ክብርት ሰጎን ሸንጎ ጠራች። ሸንጎው እንደ ወትሮው በቀትር ተሰበሰበ፤ በቀትር አያ ጅቦ፣ ጃርት፣ ጉጉትና ሌሎቹም የሌሊት ነዋሪዎች ተኝተዋል። አቶ ጦጣ ጉቶ ላይ ወጥቶ ረጅም ንግግር አደረገ። ከተማ ማለት ማንነት ነው አለ። ቀን ቀን ማንነት አለን፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ማን መሆናችን አይታወቅም፤ ማንነታችንን በየቀኑ ግማሹን ጊዜ እናጣዋለን። ስለዚህ ኩይሳው መብራት አለበት። ተሰብሳቢው ስለ ጉዳዩ አስቦ ባያውቅም የጠፋበት ነገር እንዳለ ሲነገረው ደነገጠ፤ በአንድ ድምፅም ይብራ አለ።

ጥያቄ የነበረው አባባ ኤሊ ብቻ ነበር። በዕድሜው ትልቁ እሱ ስለሆነ እንዲናገር ተፈቀደለት።

"እኛ ሌሊት እንተኛለን" አለ። "እንግዶቹም ይተኛሉ። የሚያየው ማን ነው?"

ተሰብሳቢው ሳቀ። አቶ ጦጣ ግን አልሳቀም፤ ጥያቄው ቀድሞ የታሰበበት መሆኑን ገለጸ። ነዋሪው በተራ እየነቃ ይደነቃል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚደነቅበት ሌሊት ይነገረዋል። ሌሊት የሚነቁ ነዋሪዎች አሉ እኮ፣ እነሱስ ተጠየቁ ወይ ብሎ አባባ ኤሊ ሲጨምር፣ እነሱማ ጨለማ ለምደዋል፣ ብርሃን ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል ተባለ።

አብሪ ትሎቹ ለማባበል አላስቸገሩም፤ የሚያያቸው ሲያገኙ ይኮራሉ። አንድ ነገር ብቻ ተከለከሉ። እነሱ የለመዱት ብልጭ እያሉ መጥፋት ነው፤ ይህ ግን ለከተማ የማይመጥን ቅብጥብጥነት ስለሆነ ሳያቋርጡ እንዲያበሩ ታዘዙ። ከኩይሳው ሥር እስከ ጫፉ ተደረደሩ።

ኩይሳው በተመረቀበት ምሽት አያ ጅቦ ስለዚህ ሁሉ አንዳች አያውቅም ነበር። እንደ ልማዱ ተነሣ፣ ገላውን አራገፈ፣ ግልገሎቹን ላሰና ከጉድጓዱ ብቅ አለ።

መጀመሪያ የታወረ መሰለው። ከአናቱ በላይ ያለው ሰማይ ነጭ ሆኗል። ዓይኑን እየጨፈነ እየገለጠ ሲያይ ኩይሳው እስከ ጫፉ እሳት የሌለው ብርሃን ሆኗል። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። አያ ጅቦም አፉን ከፍቶ ጥቂት ቆመ፤ ያን ምሽት ከልቡ የተደነቀ ማን ነው ቢባል ምናልባት እሱ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ ከፊቱ ከተማው በሙሉ ተቀምጧል። ሚዳቋው፣ ከርከሮው፣ ጥንቸሉ፣ የሜዳ አህያው፣ ሁሉም ልጆቻቸውን ይዘው በረድፍ በረድፍ ሆነው ወደ ኩይሳው ያያሉ። ኩይሳው ሥር ደግሞ እሱ ቆሟል።

ወደ ኋላ መመለስ ይበልጥ ያሳፍራል ብሎ አሰበና ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ያ አካሄዱ፣ ማንም ያላየው ያ አካሄዱ፣ ጥላው ሜዳው ላይ ረዝሞ እጥፍ ሆኖ ታየ። አንዲት ጥንቸል በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ ሁሉም ተከተላት። ክብርት ሰጎን ሳቁን ስትሰማ ምረቃው የሠመረ መሰላትና ክንፏን አርገበገበች።

አያ ጅቦ ሜዳውን እንዴት እንዳቋረጠ አያስታውስም። ጫካው ጠርዝ ደርሶ ቁጭ አለና እስኪነጋ አልተነሣም። ባዶ አፉን ወደ ቤት ሲመለስ እመት ጅቢት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"የት አለ?" አለች።

የሆነውን ነገራት። እሷ ግን የሳቁበትን ሁሉ በስም እየጠየቀች ካወቀች በኋላ፣ የነሱ ሳቅ ለግልገሎቹ ጡት አይሆናቸውም፣ ነገ ትወጣለህ አለችው። ወጣም። በሚቀጥሉት ሌሊቶች የብርሃኑን ዳር እየታከከ፣ ሆዱን መሬት እያስነካ ሊሠራ ሞከረ። ነገር ግን ብርሃኑ እስከ ሜዳው ዳር ይደርሳል፤ በተራው የሚደነቀው ነዋሪም ኩይሳ አይቶ ሲሰለች ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል። ስለዚህ ሥርዓቱን መጠበቅ አቃተው። ችኩል ሆነ። አጥንት የሚሰብርበት ቦታ መምረጡን ተወ፣ የተገኘበት ይሰብራል።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ሚዳቋ ባሏ ሞተባት። ደግ፣ የተወደደ ሚዳቋ ነበር። ለቅሶው ሲያበቃ እንደ ደንቡ ከሜዳው ዳር አስቀመጡት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሐዘንተኛዋ ወደ ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች፤ ያን ምሽት ግን የቤተሰቧ የመደነቂያ ተራ ስለነበር ከልጆቿ ጋር መጥታ ኩይሳው ፊት ተቀመጠች። አያ ጅቦ ጠበቀ። የምትሄድ መስሎት ብዙ ጠበቀ። አልሄደችም። ሊነጋ ሲል ግልገሎቹ ትዝ አሉትና ወጣ፣ የሟቹንም አንገት ይዞ መጎተት ጀመረ።

ወይዘሮ ሚዳቋ አየችው። ጩኸቷ ከተማዋን አስነሣ።

በማግስቱ ያልተከፋ አልነበረም። በገዛ ሜዳቸው፣ በከተማቸው መሐል፣ እንዲህ ያለ አረመኔነት ሲፈጸም ማየታቸው አንገበገባቸው። ከመቼ ጀምሮ ነው የተባለ ጊዜ፣ ብርሃኑ ከመጣ ወዲህ ነው ብለው ብዙዎች መሰከሩ። እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም።

አያ ጅቦ በጠራራ ፀሐይ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ከንቲባዋ ዘንድ ቀረበ። ዓይኑ እያለቀሰ፣ እያዛጋ፣ እያፈረ ቆመ። ክብርት ሰጎን ከላይ ቁልቁል አየችው።

"የከተማዋን ገጽታ እያበላሸህ ነው" አለችው።

አያ ጅቦ አዲስ ነገር እንዳልሠራ፣ አባቱም አያቱም ይህንኑ ሲያደርጉ እንደኖሩ፣ ሕጉም የሞተው የጅብ ነው እንደሚል በቀስታ አስረዳ። አቶ ጦጣ ጣልቃ ገባና ሕጉን ማንም እንዳልካደ፣ ነገር ግን ሕግ አንድ ነገር ሲሆን መታየት ሌላ እንደሆነ ነገረው። ከከተማ ይውጣ የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። አቶ ጦጣ ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አለኝ አለ። እንግዶች ጅብ ማየት ይወዳሉ። የኩይሳ በር ጅብ የከተማዋ ማንነት አካል ይሁን። በየምሽቱ እንግዶቹ ሲቀመጡ ከጉድጓዱ ይውጣ፣ በኩይሳው ፊት ይለፍ፣ ይሳቅ፣ ይግባ። መጎተትና መሰባበር ይቅር። ለዚህም ነጭ የታጠበ አጥንት ከከተማው ይሰጠዋል።

አያ ጅቦ እምቢ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ከዚያች ከተማ ቢወጣ ግልገሎቹ ለመንገድ አልደረሱም፤ ሚስቱም የእናቷን ጉድጓድ አትለቅም። እሺ አለ። ቤት ሲደርስ እመት ጅቢት ምን እንደወሰነ ሰምታ ፊቷን አዙራ ተኛች። ብዙ ቀን አላነጋገረችውም።

የመጀመሪያዎቹ ምሽቶች እንደታሰበው አልሆኑም። አያ ጅቦ ይወጣል፣ ያልፋል፣ ሳቅ ሲሉት ግን አይመጣለትም። ጅብ የሚስቀው ደስ ሲለው አይደለም። ሲርበው ወይም ሲፈራ ከጉሮሮው የሚያመልጥ ድምፅ አለ፤ ለሌላው ጆሮ ሳቅ ይመስላል። አሁን ደግሞ አጥንቱ በሰዓቱ ይመጣል፣ ሆዱም ጠግቧል። አቶ ጦጣ ጉዳዩን አጥንቶ ደረሰበትና አጥንቱን ቀነሰ። ሳቁ ወዲያው ተሻሻለ። ጨርሶ ሲያስቀረውማ ሳቁ እስከ ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር፣ እንግዳውም በዛ። ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ ግልገሎቹ የእናታቸውን ደረቅ ጡት ይዘው ያለቅሳሉ፣ ከውጭ ደግሞ ጭብጨባው ገና አላለቀም። ክብርት ሰጎን ከሩቅ አገር የመጡ ቁራዎችና ሽመላዎች የኩይሳ በርን ስም ሲጠሩ ሰማችና በደስታ አለቀሰች።

ከተማዋን የሚያጸዳ ግን ጠፍቶ ነበር። በመጀመሪያ ያስተዋለ አልነበረም። ዓይን ሁሉ ወደ ኩይሳው ነው፤ ከብርሃኑ ዳር ወዲያ የሚከመረውን ማን ያያል። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ሸንጎው ተሰብስቦ ሲመክር አቶ ጦጣ ሽታ እንደማይታይ፣ ስለዚህም ከገጽታ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ አስረዳ። ለመፍትሔ ያህል ጥቂት አብሪ ትሎች ተጨመሩ። እንግዶቹ አፍንጫቸውን ይዘው መደነቅ ለመዱ። ከሽታው በኋላ ዝንቡ መጣ። ከዝንቡ በኋላ በሽታው መጣ። መጀመሪያ የከርከሮ ልጆች፣ ቀጥሎም ጥንቸሎቹ፣ ያቺ ፍርስ ብላ የሳቀችው ጥንቸል ሳትቀር፣ አንዳንዱ ሞተ፣ አንዳንዱ ተረፈ። የሞቱትን እንደ ደንቡ ከሜዳው ዳር አስቀመጧቸው። በማግስቱ ሲሄዱ እዚያው ናቸው። በሳምንቱም እዚያው ናቸው። ሰው፣ አሁንም ይቅርታ፣ እንስሳው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐዘኑን ደግሞ ደጋግሞ ማየት ግድ ሆነበት።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ኩይሳው ገና ሳይበራ፣ አያ ጅቦ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሁለት ረጃጅም እግሮች ቆመው አየ። ቀና ሲል ክብርት ሰጎን ናት። አጃቢ አላስከተለችም። ላባዋ ተንጨባሯል። ስታናግረው አንቱ አለችው፤ እንዲህ ብሎ ጠርቶት የሚያውቅ አልነበረም።

"አያ ጅቦ፣ ትንሿ ልጄ ሞታብኛለች።"

አያ ጅቦ የሐዘንተኛ ቋንቋ በጆሮው ሰምቷል እንጂ ተናግሮት አያውቅም። በመጨረሻ "ያጥናዎ" አለ።

ክብርት ሰጎን አንገቷን ዝቅ አደረገች። ልጅቷን ከሌሎቹ ጋር ከሜዳው ዳር እንዳስቀመጠቻት፣ ዝንቡን በክንፏ ስታባርር እንደዋለች፣ አሁን ግን ክንፏ እንደደከመ ነገረችው።

"እባክዎ ይውሰዱልኝ" አለች። "ብቻ እንዳላይ።"

"እኔ እኮ ድሮም የምሠራው እንዳታዩ ነበር" አለ አያ ጅቦ።

ይህን ሲል ቁጣ በድምፁ ውስጥ አልነበረም። እመት ጅቢት ከጉድጓዱ ውስጥ ሆና ትሰማለች፤ ግን አልወጣችም። አያ ጅቦ ለዚህች ሌሊት ብቻ መብራቱ ቢጠፋ ሁሉንም ሠርቶ እንደሚያነጋ፣ ልጅቷንም ማንም ሳያያት እንደሚወስዳት ነገራት። ቀላል ነገር የጠየቀ መስሎት ነበር።

ክብርት ሰጎን ወደ ኩይሳው ቀና አለች። አብሪ ትሎቹ ቦታ ቦታቸውን እየያዙ ነበር።

"የሚጠይቁኝን ሁሉ አደርጋለሁ፤ እሱን ግን አይጠይቁኝ" አለች። "መብራቱ ከጠፋ እኛ ማን ነን?"

ድሮ የነበራችሁት ናችኋ ሊላት ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ልጇ ሞታባታለችና ዋጠው።

ክብርት ሰጎን ሄዳ በዚያው ምሽት ሸንጎ ጠራች። ሸንጎው ሲመሽ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ነበር። ቀኑን ሙሉ ያለቀሱ፣ ቤት ውስጥ በሽተኛ ጥለው የመጡ፣ ሐዘናቸው ያልወጣላቸው ሁሉ ተቀመጡ። መብራቱን እናጥፋ ያለ አንድም አልነበረም። ጅቡ ይሥራ፣ ሲሠራ ግን አንይ ያሉት ሁሉም ናቸው። ሁለቱን እንዴት ማስታረቅ ይቻላል ተባለ። መላውን ያመጣችው ራሷ ክብርት ሰጎን ናት፤ ሐዘን ሐሳቧን አጥርቶላት ነበር። ኩይሳው ይብራ አለች። ጅቡም ይሥራ። እኛ ዓይናችንን እንጨፍን።

አዳራሹ፣ ማለት ሜዳው፣ እፎይ አለ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር እንዴት ቀድሞ አልታሰበም ተባባሉ። አቶ ጦጣ ወዲያው ስም አወጣለት፤ የጽሞና ሰዓት። ጅግራ ስትጮህ ነዋሪው ሁሉ ፊቱን ወደ ኩይሳው አዙሮ፣ ተነሥቶ ቆሞ፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ደግማ ስትጮህ ይገልጣል። እንግዶችም አብረው ይጨፍናሉ፤ ምክንያቱን ሲጠይቁ ከጥንት ከአባቶቻችን የወረስነው ባህል ነው ይባላሉ።

አባባ ኤሊ መናገር ይችላል ተብሎ ዕድል ሲሰጠው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ራሱን ወደ ቅርፊቱ አስገባና ሸንጎው እስኪበተን አላወጣም።

ለአያ ጅቦ ውሳኔውን የነገረው አቶ ጦጣ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሳቁ መቅረቱን፣ ወደ ቀድሞ ሥራው መመለሱን፣ ይህም ለከተማዋ ካደረገው ትልቅ አስተዋጽኦ አንጻር የተሰጠው ዕድገት መሆኑን ገለጸለት። አያ ጅቦ ቢርበውም እንኳ ያን ጊዜ ሳቅ አልመጣለትም። እመት ጅቢት ግልገሎቹን ልታስተኛ ወደ ውስጥ ገብታ ስለነበር የዓይን መጨፈኑን ነገር አልሰማችም። ብቻ ባሏ ሥራ ሊወጣ መሆኑን ስታውቅ ከዚያ ሁሉ ቀን ዝምታ በኋላ አነጋገረችው።

"ብዙ ተጠራቅሟል፤ ብቻህን አትችለውም" አለችው። "ልጆቹ ሲተኙ እመጣለሁ።"

ጅግራዋ ጮኸች። አያ ጅቦ ወጣ። ኩይሳው እንደዚያ ሌሊት በርቶ አያውቅም ነበር፤ ለሩቅ እንግዶች ክብር ሲባል የአገሩ አብሪ ትል በሙሉ ተሰብስቦበታል። የእያንዳንዱ ሣር ጥላ እንኳ ይታያል። ከተማው በረድፍ በረድፍ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ኩይሳው አቅንቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ልጆቹን የያዘ በእግሩ ዓይናቸውን ሸፍኗል። ወይዘሮ ሚዳቋ ዓይኗን ከመጨፈኗ ብዛት ግንባሯ ተጨማዷል። ሽመላዎቹ ሥርዓቱን አብሮ የማክበር ዕድል ስለደረሳቸው ደስ ብሏቸው በአንድ እግራቸው ቆመው ጨፍነዋል።

አያ ጅቦ መጀመሪያ ወደ ትንሿ ሰጎን ሄደ። ላባዋ ገና ለስላሳ ነበር። ጥርሱን ሳያሳርፍ በከንፈሩ ይዞ አነሣት። ወደ ጫካው የሚያወጣው መንገድ በከተማው ፊት ለፊት ስለሚያልፍ፣ በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ በረድፎቹ ፊት ቀስ ብሎ አለፈ። ክብርት ሰጎን ዘንድ ሲደርስ ኮቴውን አቀለለ። ከሁሉም በላይ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ዓይኗ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል፤ አንገቷ ግን ከላይ እስከ ታች ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቷን ራቅ አድርጎ፣ ድምፅ ከማይሰማበት ወስዶ፣ ተመለሰ። ከዚያ ሌላውን ጀመረ።

ሥራው አላልቅ አለ። ደጋግሞ ሲመላለስ እመት ጅቢት ከጉድጓዱ ወጣች። ብርሃኑ ዓይኗን ስለወጋት ጥቂት ቆማ ለመደችው፤ ከዚያ ወደ ሜዳው መሐል መጣች። የቆመውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አየች። አንድ ዓይን የተገለጠ የለም። ወደ አንድ ከርከሮ ጠጋ ብላ ፊቱን አሸተተች፤ አልተንቀሳቀሰም። ባሏ ሸክሙን እየጎተተ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

"ምን እያደረጉ ነው?"

አያ ጅቦ ሸክሙን መሬት አስቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ። መጀመሪያ የበራውን ኩይሳ አየ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው የቆሙትን አየ።

"ከተማቸውን እያዩ ነው" አላት።